«ራንክድ ኢን ሰከንድ» ልክ ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። አዳማ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ኮፒና ማተሚያ ቤት አለኝ። ዛሬ አንድ አባት የልጃቸውን ሰርተፍኬት ሊያሠሩ መጡና «ከክፍሉ 2ኛ የወጣ» የሚለውን «ራንክድ ኢን ሰከንድ» ብለህ ጻፍልኝ አሉኝ። ጆሮዬ አልተቀበለውም፣ ግን ለምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ። ልጁ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ነገር ስለሆነ እንዲበላሽ አልፈልግም።

መልስ 1፦ ጆሮህ ልክ ነው። «ራንክድ ሰከንድ» በቃ፣ «ኢን» አይፈልግም። የግድ «ኢን» ካልክ ግን የሚያርፍበት ስም ስጠው፦ «ራንክድ ኢን ሰከንድ ፕሌስ»። «ከክፍሉ» የሚለው ላይ ነው «ኢን» የሚመጣው፦ «ራንክድ ሰከንድ ኢን ሂዝ ክላስ»።

መልስ 2፦ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን በጣም የሚያደናግራቸው ቅደም ተከተሉ ነው። እኛ «በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ቤት» ስንል ቤቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ እንግሊዝኛው ግን ቤቱን አስቀድሞ የተሠራበትን ከኋላ ያስከትላል፦ «ኤ ሀውስ ቢልት ኢን ዘ ናይንቲንዝ ሰንቸሪ»። እዚህ ጋ «ዘ» አትቀርም፣ «ኢን ሰከንድ ፕሌስ» ላይ ግን የለችም። ለቀንና ለፎቅ ደግሞ «ኦን» ነው፦ «ቦርን ኦን ዘ ፊፍዝ ኦፍ ሜይ»፣ «ሎኬትድ ኦን ዘ ሰርድ ፍሎር»።

መልስ 3፦ ፎቅ ካነሳችሁ አይቀር፣ የቢዝነስ ካርድ የምታትሙ ተጠንቀቁ። አሜሪካኖች «ፈርስት ፍሎር» የሚሉት እኛ ግራውንድ የምንለውን ነው። እንግሊዞች እንደኛ ነው የሚቆጥሩት።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! «ራንክድ ሰከንድ ኢን ሂዝ ክላስ» ብዬ አስተካክዬዋለሁ። አባትየው ነገ ጠዋት ይወስዱታል።