የድሃ ጓዳ ታሪክ የማን ነው? በ«ፑር ካው» ላይ የተነሳ ክርክር

ፊልም ወዳዱ፦ ትናንት ማታ የዳይሬክተር ኬን ሎችን «ፑር ካው» አየሁት። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣ የእንግሊዝ ፊልም ነው። ቃል በቃል «ምስኪኗ ላም» ማለት ነው፤ እንግሊዞች ግን ለምታሳዝን ሴት ነው የሚሉት። ጆይ ልጅ እግር እናት ናት። ባሏ ቶም ሌባ ነው፤ ይማታል፤ ኋላ ይታሰራል። ከዚያ የባሏን ጓደኛ ዴቭን ትወዳለች። እሱም ሌባ ነው። 12 ዓመት ይፈረድበታል። ፊልሙ ልቤን ነክቶታል። ግን ፊልሙ የተሠራበትን መጽሐፍ የጻፈችው ኔል ደን የባለጸጋ ልጅ ናት፤ አባቷ «ሰር» የሚል የክብር ማዕረግ ያላቸው ሰው ነበሩ። የድሃን ጓዳ ገልጦ ማሳየት የእሷ ድርሻ ነው? አልተዋጠልኝም።

የናቲ እናት፦ ወንድሜ፣ ሴትዮዋ እኮ ከሩቅ ሆና አልጻፈችም። እ.ኤ.አ. በ1959 የሞቀ ሰፈሯን ትታ ባተርሲ ገባች። ያኔ ባተርሲ የለንደን ወዛደር ሰፈር ነው። ከረሜላ ፋብሪካ ውስጥም ሠርታለች። ደግሞ ፊልሙን የሠሩትን እያቸው። ሎች የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ልጅ ነው። ዴቭን የሚጫወተው ቴሬንስ ስታምፕ የምሥራቅ ለንደን ልጅ ነው፤ አባቱ በጎታች ጀልባ ላይ እሳት ያነድ ነበር። እነዚህ ሰዎች ስለዚያ ኑሮ ነጋሪ አያሻቸውም፤ ያውቁታል። ጆይንስ ልብ ብለህ አየሃት? ትስቃለች፣ ትቀብጣለች፣ ትሳሳታለች። ዴቭ ጊታር ሲጫወትላት ፊቷ እንዴት እንደሚፈካ! እስር ቤት ደብዳቤ ስትጽፍለት እኔ ድህነቱን ረስቼው «ምን ይውጣት ይሆን?» እያልኩ ነበር።

ባለ ኮፍያው፦ የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ስታምፕ መልከ መልካም ነው። ዌልስ ሄደው ፏፏቴው ጋ ሲሳሳሙ ሌብነቱ ከጭንቅላቴ ወጣ። የተዘረፈውን ሰው ስንቶቻችን አሰብነው? ቶምን ጠላነው፣ ለዴቭ አዘንን። ሁለቱም እኮ የሰው ንብረት ነው የወሰዱት።

የናቲ እናት፦ ልክ ነህ፣ እኔም አዝኜለታለሁ። ፊልሙ ዴቭን በጆይ ዓይን ነው የሚያሳየን። እሷ ደግሞ የማይመታት ሰው አግኝታ ነው።

ፊልም ወዳዱ፦ የስታምፕን አባት ሥራ አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ያ የፎቶ ትዕይንት ግን አሁንም አልለቀቀኝም። ጆይ ገንዘብ ፍለጋ ራቁቷን ልትሆን ምንም ሳይቀራት ትቆማለች፤ ወንዶቹ ካሜራቸውን ደግነው ይከቧታል። እኛ ሶፋ ላይ ተቀምጠን የምናያት ከእነሱ በምን እንሻላለን?

የናቲ እናት፦ መጨረሻውን ድገመውና እየው። ልጇ ይጠፋባታል። በፈረሱት ቤቶች መሀል እየተሯሯጠች ትፈልገዋለች። እኔ ያኔ ተነስቼ ቆሜያለሁ። እስኪገኝ አልተቀመጥኩም።