ድሬዳዋ ሥራ አገኘሁ፣ ባለቤቴ ግን አዲስ አበባ ነው፤ እናንተ እንዴት ወሰናችሁ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሎጂስቲክስ ነው የምሠራው፣ ድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ካለ ድርጅት ጥሩ ኦፈር መጣልኝ፣ ደሞዙም የሥራ መደቡም አሁን ካለሁበት በጣም ይሻላል፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ብጠብቅ እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ የሚገኝ አይመስለኝም። ባለቤቴ የግል ባንክ ነው፣ በሠራተኛ ብድር ኮንዶሚኒየም ገዝተናል፣ ልጃችን ኬጂ ናት። እሱ "አንቺ ካልሽ እንሄዳለን" ይላል ግን ፊቱን ሳየው ልቡ እዚሁ ነው። ቤተሰብ ደግሞ ሚስት ናት ባሏን የምትከተል እያሉ ነው፣ ጨንቆኛል።

ባንከሩ፦
እህቴ መጀመሪያ ብድሩን አጣሩ። ወለዱ የቀነሰለት ሠራተኛ ስለሆነ ነው፣ ከለቀቀ ብዙ ባንክ ላይ ወደ ደንበኛ ወለድ ይቀየርና ወርሃዊ ክፍያው በጣም ይጨምራል፣ ያኔ አንቺ ያገኘሽው የደሞዝ ጭማሪ እዛው ያልቃል። ውሉን አውጥታችሁ አንብቡት። ከመልቀቅ ይልቅ ዝውውር ይጠይቅ፣ ድሬ ላይ ቅርንጫፍ አይጠፋም፣ ግን ዋና መሥሪያ ቤት ከሆነ የሚሠራው የሱ ዓይነት መደብ ቅርንጫፍ ላይ ላይኖር ይችላል፣ የሰው ኃይል ክፍል (HR) ሄዶ በአካል ይጠይቅ።

የድሬ ልጅ፦
አቦ ድሬን አትፍሪያት፣ ሰው እንግዳ አያስቸግርም። ሙቀቱ ግን ከባድ ነው፣ በተለይ ግንቦትና ሰኔ፣ ቤት ስትከራዪ ከዋጋው በፊት ኮርኒስና የውሃ ታንከር እንዳለው እዪ። ከዚራ አካባቢ ዛፉ ጥላ አለው፣ ለልጅም ይመቻል።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኛ ተለያይተን ኖረናል፣ እሱ ሐዋሳ እኔ አዲስ አበባ። ገንዘብ ይተርፋል ብለን ነበር፣ ሁለት ኪራይ ሁለት አስቤዛ የመንገዱ ሲደመርበት የተረፈ ነገር የለም፣ ቅዳሜ ይመጣል እሁድ ከሰዓት ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ትንሹ ልጅ በሩ ላይ ይዞት ያለቅሳል። ስለዚህ ከተለያያችሁም እስከ መቼ የሚለውን አሁኑኑ ተነጋገሩ። ሌላው፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፣ በዛ ጊዜ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትሽ ስለሚችል ቋሚ መሆንሽን ሳታረጋግጪ እሱ መልቀቂያ እንዳያስገባ። ቤተሰብ የሚለውን ተዪው፣ ዕዳውን የምትከፍሉት ሁለታችሁ ናችሁ። እሱን ግን "አንቺ ካልሽ" በሚለው አትለፊው፣ እዚህ ጥሎት የሚሄደው ምን እንደሆነ ቁጭ ብለሽ ጠይቂው፣ ምናልባት እናቱ ናቸው፣ ምናልባት እድገት እየጠበቀ ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እድገት የሚጠብቅ ይመስለኛል፣ ማታ እጠይቀዋለሁ። ልጅቷን ግን ማን ይያዛት?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሞግዚቷን ለምዳት ከሆነ ትምህርት እስኪዘጋ ከአባቷ ጋር ትቆይ፣ ክረምቱን አንቺ ጋ ትምጣ፣ እስከዛ ዝውውሩም ይታወቃል።