አራስ ልጅ አብሽ አብሽ ሲሸት

እህታችን፣ እንኳን ማርያም ማረችዎ። የልጅዎ ዳይፐር የተቃጠለ ስኳር እንደሚሸት ለጻፉት ጥያቄ ብዙዎች «የጠጡት አብሽ ነው፤ አይጨነቁ» ብለው መልሰውልዎታል። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ስለሆነ፣ እዚህ አሜሪካ በአራስ ሕፃናት ክፍል በነርስነት እንደምሠራ ሰው የቀረውን ልሙላ።

ይህ ሽታ የሜፕል ሽሮፕ በሽታ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ከባድ ሕመም ምልክትም ሊሆን ይችላል። በሽታው ስሙን ያገኘው ፓንኬክ ላይ ከሚፈሰው የዛፍ ሽሮፕ ሽታ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ ጆን ሜንክስና ባልደረቦቹ ሽንታቸው እንዲህ ይሸት የነበረና በጨቅላነታቸው የሞቱ የአንድ ቤተሰብ አራት ልጆችን ታሪክ ጽፈዋል። ከፕሮቲን የሚገኙትን ሉሲን፣ አይሶሉሲንና ቫሊን የተባሉትን አሚኖ አሲዶች የሚሰባብረው ኢንዛይም ከሁለቱም ወላጆች በተወረሰ ጉድለት ሥራውን ስለማይሠራ፣ በተለይ ሉሲን በደም ውስጥ ተጠራቅሞ አንጎልን ይጎዳል። ወላጆቹ ራሳቸው ጤነኞች ናቸው፤ ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባትም ዕድሉን ቢቀንሰው እንጂ አያጠፋውም።

አብሽ ደግሞ ሶቶሎን የተባለውን፣ ይህንኑ ሽታ የሚሰጠውን ንጥረ ነገር በውስጡ ስለያዘ፣ ሐኪሞች በአብሽ ሽታ ተሳስተው ጤነኛ ሕፃን የጠረጠሩበት ጊዜ አለ። እህቴ በወለደች ማግስት ሐኪሟ ምን እንደጠጣች ሲጠይቃት፣ የአብሽ ፔርሙሱ ራስጌዋ ተቀምጦ «ምንም» አለችው፤ ለካ የአልኮል ጥያቄ መስሏት ኖሯል።

ሆኖም ከሽታው ይልቅ ሕፃኑን ማየት ይሻላል። በሽታው ያለበት ልጅ ሲወለድ ደህና ይመስላል፤ ሽታውም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚገኘው በጆሮው ኩክ ላይ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጡት መሳብ ይሰለቻል፣ ይነጫነጫል፣ ከዚያም እንቅልፍ ያበዛል። አራስ ጠያቂዎቻችን «እንዴት ያለ ጭምት ልጅ ነው!» የሚሉት ይሄኔ ነው፤ እኔን ግን ከሽታው ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ጭምትነት ነው። ቀጥሎ ሰውነቱ አንዴ ይዝላል፣ አንዴ ይገተራል፣ ጀርባው ወደ ኋላ ይቀሰራል፣ እግሮቹም ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ይንቀሳቀሳሉ፤ ካልታከመ በሳምንት ገደማ ራሱን ይስታል።

ስለዚህ አብሽ መጠጣትዎን ለሐኪሙ ይንገሩ፣ ይህን በሽታ ለመለየት በተወለደ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ከተረከዙ የተወሰደው ደም ውጤት መድረሱንም ይጠይቁ። ልጁ መጥባት ካቆመ ወይም አልነቃ ካለ ግን ውጤቱን ሳይጠብቁ አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ከአገር ቤት ተወልደው ለመጡ ልጆችም አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚያ ይህ የደም ምርመራ በመደበኛነት አይደረግም። የበሽታው ቀለል ያለ ዓይነት ለዓመታት ተደብቆ ቆይቶ፣ ልጁ በትኩሳት ወይም በትውከት ምግብ ሲያቋርጥ ሰውነቱ የራሱን ጡንቻ ሲያፈርስ ሉሲኑ ስለሚጠራቀም፣ እንደ ሰከረ ሰው ሲንገዳገድ ሊታይ ይችላል። በሽታው የተረጋገጠበት ልጅ ያላችሁ ወላጆችም የጾም ምግብ ቀላል ነው ብላችሁ ሽሮና ምስር በግምት አትስጡት፤ ጥራጥሬ በፕሮቲን የበለጸገ ስለሆነ መጠኑን የሚለካላችሁ የበሽታው የምግብ ባለሙያ ነው።