የሒሳብ ሶፍትዌሩ ሲንቀራፈፍ፦ አዲስ ሰርቨር ይገዛ ወይስ ያለው ይፈተሽ?

ሌጀር፦
ክርክሩን እኔ ልክፈተው። ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ወር ሊዘጋ ሲል ሶፍትዌራችን ይንቀራፈፋል። ትራያል ባላንስ (የሁሉም ሒሳቦች ዴቢትና ክሬዲት የሚመሳከርበት ዝርዝር) አዝዤ፣ ተነሥቼ ወገቤን አፍታትቼ ስመለስ ያቺ ክብ አሁንም ትሽከረከራለች። ቫውቸር ፖስት ለማድረግ (የሒሳብ ሰነዱን መዝገብ ላይ ለማሳረፍ) ደግሞ ወረፋ የያዝን ይመስል እንጠባበቃለን። 22 ተጠቃሚዎች ነን። ዳታው የ9 ዓመት ነው፤ የተቀመጠው የድርጅቱ ሰርቨር ላይ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ፕሮግራም ውስጥ ነው። አይቲዎቹ "ሰርቨሩ አርጅቷል፣ ይለወጥ" ይላሉ። አለቃችን ደግሞ "ባለፈው ራሙን ወደ 64 ጊጋባይት አሳደግነው፤ ምን ተለወጠ?" ይላሉ። እኔ ይገዛ ባይ ነኝ። 22 ሰው ቁጭ ብሎ ክብ ሲያይ የሚባክነው ጊዜ ከብረት ይወደዳል። የሚቃወም ይምጣ!

ሽቦ፦
እደግፋለሁ። ግን ሙሉ ሰርቨር ሳይሆን ዲስኩ ይለወጥ። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 120 ዙር ነው የሚዞረው። የሒሳብ ዳታ ደግሞ አንድ ቦታ ተደርድሮ አይጠብቅም፤ ከዚህም ከዚያም እየተለቀመ ነው የሚነበበው። እንዲህ ሲሆን አንድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 ብዙም የማይርቅ ንባብ ነው የሚችለው። የሚዞር አካል የሌለው ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ በአሥር ሺዎች ነው የሚቆጥረው። ታዲያ ምን ያከራክረናል?

ኢንዴክስ፦
የሚያከራክረንማ አለ። ሳይለኩ መግዛት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሌጀር፣ ራሙ ተጨምሮ ምንም አለመለወጡ አልገረመሽም? የኤስኪውኤል ሰርቨሩ እትም የትኛው ነው? ነጻው፣ ኤክስፕረስ የሚባለው ከሆነ፣ የ2016ም ይሁን የ2022፣ ዳታ ለማቆያ ከ1410 ሜጋባይት በላይ ራም አይጠቀምም። ከፕሮሰሰሩም ከ4 ኮር በላይ አይነካም። አንድ ዳታቤዝም ከ10 ጊጋባይት አያልፍም። 64 ብታስገቡለት 640 ለእሱ ያው ነው።

ሌጀር፦
እትም? ማን ነግሮኝ! የጫነልን ሰውዬ ከለቀቀ ቆየ። አጣርቼ እመለሳለሁ።

የድሮ ሰው፦
ልጆች፣ ነገሩን አታካብዱት። ወረቀት ላይ ስንሠራ ዓመቱ ሲያልቅ መዝገቡ ተዘግቶ መደርደሪያ ላይ ይወጣ ነበር። የዘንድሮን ለማግኘት የዛሬ 9 ዓመቱን የሚገልጥ አልነበረም። እናንተ ሁሉንም አንድ ከረጢት ውስጥ ከትታችሁ "ከበደ" ትላላችሁ። አሮጌውን አውጡት፣ ይቀላል።

ኦዲተሯ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት አልስማማም። ከ8 ዓመት በፊት የተገዛ ማሽን ዛሬም የእርጅና ቅናሹ እየተሰላ ነው። የረጅም ጊዜ ብድርም እንደዚያው። ቁጥሩን ተከትዬ መነሻ ሰነዱ ድረስ መሄድ አለብኝ። ዳታው ለሁለት ከተከፈለ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ አሮጌውን የሚከፍት ፕሮግራም ራሱ አይገኝም። ደርሶብኛል።

ኢንዴክስ፦
ጋሼ፣ ኢንዴክሱ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ የሚፈለገው መስመር የት እንዳለ የሚጠቁመው) በትክክል ከተሠራ የዳታው ዕድሜ ያን ያህል አያስቸግርም። አንዱን ቫውቸር ፈልጎ ለማግኘት ከሆነ፣ ከ1 ሚሊዮን ወደ 10 ሚሊዮን መስመር ማደጉ በፍለጋው ላይ አንድ እርምጃ ቢጨምር ነው። ግን እርስዎም እውነት አለዎት። አንዳንዱ ሶፍትዌር የመነሻ ባላንሱን አያስቀምጥም። ሪፖርት በታዘዘ ቁጥር ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ይደምራል። እንዲህ ዓይነቱ ዓመት በጨመረ ቁጥር ይከብደዋል። ቢሆንም የተዘጋውን ወር ባላንስ ማስቀመጥ እንጂ ዳታ ማውጣት አያስፈልግም።

የድሮ ሰው፦
እኮ! እኛ "ከባለፈው ገጽ የዞረ" ብለን እንጽፍ ነበር። ኮምፒውተሩን ይህን ማን አስረሳው?

ቅርንጫፍ፦
እናንተ ስለ ዲስክ ታወራላችሁ። ዋናው ቢሮ 1 ሰከንድ የሚፈጅ መስኮት እኛ ጋ ከደቂቃ በላይ ይወስዳል። ያው ሰርቨር፣ ያው ዳታ ነው። የእኛ የሚገባው በቪፒኤን፣ በኢንተርኔት ላይ በተዘረጋ የግል መስመር ነው።

ክላውድ ባይ፦
ክላውድ ላይ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር ላይ) አውጡትና ሁላችሁም ተገላገሉ!

ሽቦ፦
ቀስ በል ወንድሜ። ፕሮግራሙ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ቀርቶ ዳታቤዙ ብቻ ከሄደ፣ ሁሉም ሰው ቅርንጫፍ ሆነ ማለት ነው። እስቲ እናስላው። ሶፍትዌሩ አንድ መስኮት ለመክፈት 2000 ጥያቄ ለሰርቨሩ ይልካል እንበል። የአንዱ መልስ ሳይመጣ ሌላውን አይልክም። ቢሮ ውስጥ አንዱ ምልልስ ግማሽ ሚሊሰከንድ ቢፈጅ በድምሩ 1 ሰከንድ ነው። በሩቅ መስመር 40 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ 80 ሰከንድ ይሆናል። መስመሩን የቱንም ያህል ብታሰፋው ርቀቱ አያጥርም። ቅርንጫፍ፣ ለእናንተ ሪሞት ዴስክቶፕ ነው የሚሻለው። ፕሮግራሙ ዳታው አጠገብ ሆኖ ይሠራል፤ ወደ እናንተ የሚመጣው ምስሉ ብቻ ነው።

ክላውድ ባይ፦
ፕሮግራሙም አብሮ ቢሄድስ?

ሽቦ፦
ያኔ ያስኬዳል። ግን ያንኑ ያልተስተካከለ ዳታቤዝ በኪራይ ያዝከው ማለት ነው።

ሌጀር፦
እሺ፣ ፖስት ማድረጉስ? ሪፖርቱስ ትልቅ ነው እንበል። አንዲት ቫውቸር ለማስገባት ደቂቃ መጠበቅ ምን ይባላል?

ኢንዴክስ፦
አትቀየሚኝና፣ ሌሎቹን የምታስቆሚያቸው አንቺ ሳትሆኚ አትቀሪም። ዳታቤዙ እንደተጫነ ከተተወ፣ የሚያነብና የሚጽፍ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። አንቺ ትልቁን ሪፖርት ስታዢ እነሱ ቫውቸራቸውን ይዘው ይቆማሉ።

ሪፖርት ሠሪ፦
ለዚህማ መላ አለው። ሪፖርቱ ላይ "ኖሎክ" ጨምሩበት። እኔ ሁሉም ሪፖርቶቼ ላይ አስገብቻለሁ። እንደ ጉድ ይበርራል።

ኦዲተሯ፦
ኖሎክ ምንድን ነው?

ኢንዴክስ፦
"ገና ያልጸደቀውንም አንብብ" ማለት ነው። ሰው ጀምሮ የተወው ቫውቸር ሪፖርት ላይ ሊገባ ይችላል። ይባስ ብሎ፣ እየተነበበ ሳለ መስመሮች ቦታ ከቀየሩ አንዱን ሁለት ጊዜ ሊቆጥር ይችላል። ወይም ጭራሽ ሊዘለው።

ኦዲተሯ፦
ቆይ፣ ቆይ። ዴቢትና ክሬዲቱ የማይገናኝ ትራያል ባላንስ ታትሞ ሊወጣ ይችላል ነው የምትለኝ? ከዚያ እኔ ልዩነቱን ስፈልግ ልክረም? ሁለተኛ ጊዜ ሲታተም ደግሞ ልዩነቱ የለም! አሁን ገባኝ። አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት "መንፈስ" ሳሳድድ ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ።

ሪፖርት ሠሪ፦
እኔን እስካሁን የተናገረኝ የለም።

ኦዲተሯ፦
የት እንደምትሠራ ብቻ እንዳትነግረኝ።

ኢንዴክስ፦
ትክክለኛው መንገድ "ሪድ ኮሚትድ ስናፕሾት" የሚባለው ነው። ከ2005 እትም ጀምሮ አለ። ሪፖርቱ ንባቡን ሲጀምር የጸደቀውን ያያል፤ የሚጽፈውን ሰው አያስቆምም። ዝም ብሎ ግን አይከፈትም። አንደኛ፣ የድሮው ቅጂ ቴምፕዲቢ በሚባለው ጊዜያዊ ማቆያ ላይ ስለሚቀመጥ እዚያ ሥራ ይበዛል። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ሶፍትዌር የቫውቸር ተራ ቁጥር እንዳይደገም የሚጠብቀው በዚያው አንዱን ሌላውን በሚያስጠብቀው ቁልፍ፣ በሎኩ ነው። አቅራቢውን ሳትጠይቁ አትንኩት።

ሽቦ፦
አንድ ነገር ልናዘዝ። ክርክሩን ትቼ የራሳችንን ሰርቨር ከፍቼ ባይ፣ የዊንዶውሱ የኃይል አጠቃቀም "ባላንስድ" ላይ ነው። ለዓመታት! ሲጫን የሚመጣው እንዲህ ነው፤ ኃይል ለመቆጠብ ሲል ፕሮሰሰሩን ከሙሉ ፍጥነቱ ያወርደዋል። አንቲቫይረሱም የዳታቤዙን ፋይል አንድ በአንድ እየፈተሸ ነበር። ሁለቱን ለማስተካከል 10 ደቂቃ አልፈጀብኝም። አዲስ ሰርቨር ይገዛልኝ ብዬ ደብዳቤ የጻፍኩት ባለፈው ሳምንት ነው፤ እባካችሁ አትሳቁ።

ቅርንጫፍ፦
ሳቅንኮ።

ሌጀር፦
መጣሁ። እትሙ ኤክስፕረስ ነው፣ የ2019። የዳታ ፋይሉ 9.4 ጊጋባይት ነው።

ኢንዴክስ፦
ወይ ጉድ! አሁን ፍጥነቱን ተዪው። 10 ሲሞላ አዲስ መዝገብ አይቀበልም። ፖስት ስታደርጊ ስህተት ብሎ ይመልስሻል፣ አለቀ። ሌላም አለ። ኤክስፕረስ ሥራን በቀጠሮ የሚያስጀምረው ኤጀንት የለውም። ሰው በሌላ መንገድ ካላዘጋጀለት የኢንዴክስ ጥገና አይደረግለትም። የጫነላችሁ ሰውዬ ይህን አዘጋጅቶ እንደሆነ እዪ።

ሽቦ፦
ዲስክ ያልኩትስ? 9.4 ጊጋባይት ዳታ 1.4 ጊጋባይት ውስጥ አይገባም። የተረፈውን ሁሌ ከዲስክ ነው የሚያመጣው።

ኢንዴክስ፦
እሱን አምኛለሁ። እንዲህ ታንቆ እያለ ኤስኤስዲ በደንብ ይረዳዋል። ሳንለካ ግን አንተም እኔም አናውቀውም ነበር።

የድሮ ሰው፦
አሮጌው ይውጣ ስል ማን ሰማኝ?

ሌጀር፦
እኔም አልተሸነፍኩም። ይገዛ ብያለሁ፣ ይገዛል። የሚገዛው የሚከፈልበት እትም ፈቃድ ነው። 64ቱ ራምም ያኔ ሥራ ያገኛል። ችግሩ ግዢው እስኪጸድቅ ሊሞላብን ይችላል። ገደቡ ለአንድ ዳታቤዝ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን 3 ዓመታት እዚያው ሰርቨር ላይ ሌላ ዳታቤዝ ውስጥ እናስቀምጣለን። ጋሼ፣ የእርስዎ መደርደሪያ በሉት።

ኦዲተሯ፦
አታወጪም! ባካፑ ሌላ ማሽን ላይ ተመልሶ ሲከፈት ሳታዪ፣ የሁለቱም ድምር ከዛሬው ጋር ሳይገናኝ፣ አንዲት መስመር እንዳትነኪ።

ሌጀር፦
ዓርብ ማታ፣ ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ እንሞክረዋለን። የፊቱንና የኋላውን ትራያል ባላንስ አስተያይቼ ውጤቱን እዚሁ እጽፍልሻለሁ።

ኦዲተሯ፦
ያለ ኖሎክ።