በፈንክሽን ውስጥ የተሰላው ቁጥር ከውጭ የማይገኘው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ጀማሪ ነኝ። የዕቃ ዋጋ ተቀብሎ 15 በመቶ ቫት የሚያሰላ «ቫት_አስላ» የተባለ ፈንክሽን (በስሙ ሲጠራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ጽፌአለሁ፤ ውጤቱን «ቫት» በሚል ቫሪያብል (እሴት በሚይዝ ስም) ይዞ ፕሪንት ያደርጋል፣ ማለትም ስክሪን ላይ ያሳያል። በ200 ስጠራው 30.0 ያሳየኛል። ይሁን እንጂ ከፈንክሽኑ ውጭ «ፕሪንት(ቫት)» ስል ኔም ኤረር (ስሙ አይታወቅም የሚል ስህተት)፣ «200 + ቫት_አስላ(200)» ስል ደግሞ ታይፕ ኤረር (የእሴቶቹ ዓይነት አይጣጣምም የሚል ስህተት) ይመጣል። ቁጥሩን በዓይኔ እያየሁት ለምን ልጠቀምበት አልቻልኩም?

መልስ 1፦
ሁለቱ ስህተቶች ምክንያታቸው ለየቅል ነው። በፈንክሽን ውስጥ እሴት የተሰጠው ስም የዚያ ፈንክሽን ብቻ ነው፤ ፈንክሽኑ በተጠራ ቁጥር እንደ አዲስ ይፈጠራል፣ ሥራው ሲያበቃም ስሙ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ውጭ ያለው ኮድ «ቫት» የሚባል ነገር አያውቅም። ሁለተኛው ግን የፕሪንትና የሪተርን (ውጤትን ለጠራው ኮድ የሚመልስ ትእዛዝ) ጉዳይ ነው። ፕሪንት ቁጥሩን ለእርስዎ ያሳያል እንጂ ፈንክሽኑን ለጠራው ኮድ አያስረክብም፤ ሪተርን የሌለው ፈንክሽን ደግሞ የሚመልሰው ኖን («ምንም» ማለት የሆነ እሴት) ነው። «ፕሪንት(ቫት_አስላ(200))» ብለው ይሞክሩት፤ መጀመሪያ 30.0፣ ከሥሩ ኖን ሲወጣ ያያሉ። በመደመሩ ላይ የተፈጠረውም 200ን ከኖን ጋር የመደመር ሙከራ ነው። የፕሪንቱን መስመር በ«ሪተርን ቫት» ይተኩና ከውጭ «ግብር = ቫት_አስላ(200)» ብለው ይቀበሉት።

መልስ 2፦
በፈንክሽኑ መጀመሪያ ላይ «ግሎባል ቫት» (ስሙን የፕሮግራሙ ሁሉ የሚያደርግ ትእዛዝ) ብለው ቢጽፉም ፈንክሽኑ ከተጠራ በኋላ ስሙ ከውጭ ይታያል።

መልስ 3፦
ይታያል፤ ነገር ግን ለጀማሪ አልመክረውም። የበርካታ ዕቃዎችን ቫት ሲያሰሉ እያንዳንዱ ጥሪ የቀደመውን ውጤት ይደመስሳል፣ ፕሮግራሙ ሲረዝምም እሴቱን የለወጠው የትኛው መስመር እንደሆነ መፈለግ አድካሚ ይሆናል። ጠቅላላ ድምር መያዝ ሲፈልጉም ሌላ የውስጥና የውጭ ስም ችግር ይገጥምዎታል፦ ውጭ «ድምር = 0» ብለው፣ ውስጥ «ድምር = ድምር + ቫት» ቢሉ አንባውንድ ሎካል ኤረር (የውስጥ ስሙ ገና እሴት አልተሰጠውም የሚል ስህተት) ይመጣል፤ ምክንያቱም ፓይተን በፈንክሽኑ አካል ውስጥ በየትኛውም መስመር እሴት የሚሰጠውን ስም፣ ገና ኮዱ ሳይሠራ፣ ለፈንክሽኑ ሁሉ የውስጥ ስም አድርጎ ይመድበዋል። ማንበብ ብቻ ቢሆን ኖሮ የውጩን ያገኘው ነበር። ፈንክሽኑ ቫቱን ብቻ ይመልስ፤ መደመሩን ውጭ፣ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ በሚያዳርስ ሉፕ (ተደጋጋሚ ዙር) ውስጥ፣ «ድምር = ድምር + ቫት_አስላ(ዋጋ)» ብለው ይሥሩት።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ፣ በሪተርን ተክቼው ሠርቷል። ከሪተርን በታች የተውኩት ፕሪንት ግን ምንም አያሳይም።

መልስ 1፦
ፈንክሽኑ ሪተርን ላይ ሲደርስ ወዲያውኑ ስለሚያበቃ ከሥሩ ያለው መስመር አይሠራም። ፕሪንቱን ከሪተርን በላይ ያድርጉት።