ዋይ ዲኤንኤው ተመሳሰለ፣ የቤተሰብ ስሙ ግን አልገጠመም

በእጄ ያለው የአባቴ ወንድም የ37 ማርከር (ዲኤንኤ ላይ የሚነጻጸር ቦታ) የዋይ ክሮሞዞም ውጤት ነው፤ ዋይ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ ነው (እኔ ሴት ስለሆንኩ ዋይ የለኝም)። የእኛን የቤተሰብ ስም ከያዙ ሁለት ወንዶች ጋር በ9 እና በ11 ይለያያል፤ ይህ ዝምድና አይባልም። ሌላ ስም ካለው ሰው ጋር ግን ልዩነቱ 2 ብቻ ነው። አንዱ ሲዲዋይ ላይ ስለሆነ ብዙ አላሳሰበኝም፣ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ማርከር ነው። ሁለተኛው ግን ዲዋይኤስ393 ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ በብዙ ትውልድ እንኳ እምብዛም አይነቃነቅም። በአውቶሶማል ምርመራ (ከእናትም ከአባትም የሚወረሰውን ዲኤንኤ የሚያይ) አጎቴና ይህ ሰው የሚጋሩት የዲኤንኤ ክፍል አልተገኘም፣ ዝምድናው ሩቅ ከሆነ ይህ ያጋጥማል። በሰነድ የደረስኩት እስከ ቅድመ አያቴ አባት ነው። ገንዘቤ የሚበቃው ለአንድ ምርመራ ብቻ ነው፤ ስሙ የተቀየረበትን ትውልድ ለመለየት የአጎቴን ናሙና ወደ 111 ማርከር ላሳድገው ወይስ የአያቴን ወንድም የልጅ ልጅ ላስመርምር?