ልጄ አልቢኖ ናት፤ መስከረም ላይ ትምህርት ትጀምራለች። ከየት ልጀምር? (ሐዋሳ)

ጥያቄ፦ የሐዋሳዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ፤ አልቢኖ ናት፤ ማለትም ስትወለድ ጀምሮ ቆዳዋና ፀጉሯ የነጣ ነው። እስካሁን የምትጫወተው ከግቢ ልጆች ጋር ብቻ ነበር። መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ትገባለች።

ጭንቀቴ ብዙ ነው። መንገድ ላይ ስንወጣ ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሏታል። አማቴ ከቤት ባትወጣ ይመርጣሉ። ባለቤቴ ምንም አይለኝም፤ ግን ቤተሰቡ «ይቺ ልጅ የማን ናት?» እያሉ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። በቅርቡ ደግሞ የማላውቃት ሴት በራችን ድረስ መጥታ ከልጄ ፀጉር ትንሽ ቆርጬ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። «ለመድኃኒት ነው፣ ገንዘብ እሰጥሻለሁ» አለችኝ። አባረርኳት፤ ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ልመዘግባት የሄድኩበት ትምህርት ቤትም «ማየት ካልቻለች የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ውሰጃት» አሉኝ። ልጄ ታያለች እኮ! አቅርባ ነው እንጂ ፊደል ታነባለች። እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

መልስ፦ ሲስተር ነኝ

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ሐሜቱ። አልቢኒዝም በዘር የሚወረስ ነው። እርግማን አያመጣውም፣ በንክኪም አይተላለፍም። ለቆዳ፣ ለፀጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሚባለው ነገር በበቂ ሁኔታ ሳይመረት ሲቀር ነው የሚከሰተው። በአብዛኛው ልጅ አልቢኖ ሆኖ የሚወለደው ዘረመሉን ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ነው። ስለዚህ የልጅሽን መልክ አይቶ «አባቷ ሌላ ነው» ማለት ጭራሽ አያስኬድም። ዘረመሉ ለብዙ ትውልድ ሳይታይ ስለሚቆይ «በዘራችን እንዲህ ያለ የለም» የሚለውም አይሠራም። ሁለቱም ወላጆች ዘረመሉን ከተሸከሙ በእያንዳንዱ እርግዝና አልቢኖ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ከ4 አንድ ነው። ባለቤትሽን ወደ ሐኪም ይዘሽው ሂጂና ከሐኪሙ አፍ ይስማው።

አሁን ስለ ፀሐይ፣ ዋናው እሱ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት። ከፍታ ሲጨምር የፀሐይ ጨረር ይበረታል። የሐይቁ ነፋስ ቀዝቀዝ ስለሚል ሙቀቱ ላይሰማን ይችላል፤ ጨረሩ ግን አለ። ደመናም ሙሉ በሙሉ አያግደውም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለው ከሁሉም ይብሳል።

ከሁሉ በፊት ልብስ። እጅጌው ረጅም፣ ጨርቁ ጠቅጠቅ ያለ ይሁን። ወደ ብርሃን ከፍ አድርገሽ እዪው፤ ብርሃን በደንብ ካሳለፈ ጨረርም ያሳልፋል። ኬፕ ኮፍያ ጆሮና ማጅራት አይሸፍንም፤ ዙሪያውን ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ ፈልጊላት። ልብስ በማይሸፍነው ቦታ፣ ማለትም ፊት፣ ጆሮ፣ አንገትና የእጅ ጀርባ ላይ፣ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ቀቢያት፤ ዕቃው ላይ የተጻፈው ኤስፒኤፍ፣ ማለትም የመከላከል አቅሙ፣ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ከመውጣቷ 20 ደቂቃ በፊት ይሁን፤ ውጪ ከቆየች በየ2 ሰዓቱ ይደገም። ቫዝሊን ቆዳ ያለሰልሳል እንጂ ፀሐይ አይከላከልም። ይህን የምለው ብዙ እናቶች እሱን ቀብተው ተማምነው ስለሚልኩ ነው።

ቶሎ የማይድን፣ የሚደማ ወይም እየሰፋ የሚሄድ ቁስል ካየሽ ቀን አትስጪው። ብዙ አልቢኖ ወገኖቻችንን ገና በወጣትነታቸው የነጠቀን የቆዳ ካንሰር ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ግን በአብዛኛው ይድናል።

መልስ፦ ሰናይት

የኔ እናት፣ አይዞሽ። እኔ ብሆን ለጊዜው ከቤት ባላወጣኋት እላለሁ። ፀጉር የጠየቀች ሴት ነገ ምን እንደምትል አይታወቅም። አስጠኚ ቀጥሪላትና ትንሽ ስታድግ ትግባ።

መልስ፦ አልቢኖ ነኝ፣ አዳማ

እህት ሰናይት፣ ከፍቅር እንደመጣ አውቃለሁ፤ ግን እባካችሁ ይህን ምክር ለማንም እናት አትስጡ። አዳማ ተወልጄ ያደግኩ አልቢኖ ነኝ። የተደበቀ ልጅ ሰፈር አያውቀውም። ሰፈር የማያውቀው ልጅ ደግሞ አንድ ነገር ቢሆን «የማን ልጅ ናት?» ብሎ የሚጮህለት የለም። ለክፉ ሰው የሚመቸው ማንም የማያውቃት ልጅ ናት።

እናቴ ያደረገችው ይህን ነው። ባለሱቁ፣ ጋሪ ነጂው፣ ጉልት የምትቸረችረው ሴትዮ፣ ሁሉም ስሜን እንዲያውቁ አደረገች። ሰው በስሙ የሚጠራውን ልጅ «ፈረንጅ» ብሎ አይጠራም። አዲስ መጪ ሲጮህብኝ እኔ ሳልናገር የሰፈር ሰው ነበር የሚቆጣልኝ።

እናት፣ ልጅሽ ስለ ራሷ መናገር ትልመድ። ስድስት ዓመት አያንስም። «ስሜ እገሌ ነው። ቆዳዬ ቀለም ስለሌለው ነው። አይጋባም።» ይኼው በቂ ነው። ቤት ውስጥ ደጋግማችሁ ተለማመዱት። ቃሉን ይዛ ከሄደች የሚጠይቃትን ልጅ አትፈራም። ካልያዘች ግን ሌላው የሰጣትን ስም ይዛ ትመለሳለች።

ሌላም የዘንድሮ ጣጣ አለ፤ ስልክ። ሳይጠይቁ ቪዲዮ ቀርፀው ቲክቶክ ላይ «ጉድ እዩ» ብለው የሚለጥፉ አሉ። «ልጄን አትቅረፁ» ብለሽ ፊት ለፊት ተናገሪ። ይሉኝታ አይያዝሽ።

ስለ ፀጉሯ የጠየቀችው ሴት ደግሞ በዝምታ መታለፍ የለበትም። ታንዛኒያና ማላዊ ውስጥ የአልቢኖ ሰው አካል ሀብት ያመጣል በሚል እምነት ሰዎች ተገድለዋል፣ አካላቸው ተቆርጧል፣ ሕፃናት ሳይቀሩ። እኛ ጋ በብዛት የምንሰማው ስድብና መገለል ነው። እምነቱ ግን አንድ ዓይነት ስለሆነ ከፀጉር ሲጀምር ነው መቆም ያለበት።

መልስ፦ የእድር ጸሐፊ

ልጄ፣ ወንድማችን እውነቱን ነው። የሴትዮዋን መልክ፣ የለበሰችውን፣ የመጣችበትን ቀንና ሰዓት፣ ያለችውን ቃል በቃል ዛሬውኑ ጻፊው፤ ሲውል ሲያድር ይረሳል። ከዚያ ለሰፈርሽ ኮሚዩኒቲ ፖሊስ አመልክቺ። ለቀበሌው ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይም ንገሪ። «ምን አደረገችሽና ነው?» ሊሉሽ ይችላሉ። በሕፃን አካል ገንዘብ አቀረበችልኝ በይ፤ ተመዝግቦ ይቀመጥልኝ በይ።

እድራችሁ ቀጣይ ስብሰባ መቼ ነው? ዳኛውን ቀድመሽ አነጋግሪና አምስት ደቂቃ ይስጡሽ። እኛ በእድራችን ስለ ሌላ ጉዳይ እንዲህ አድርገን የሰፈሩ ዓይን ሁሉ ጠባቂ ሆኗል። አማትሽን ደግሞ በንስሐ አባታቸው ወይም በሚያከብሯቸው የሃይማኖት አባት በኩል አስነግሪያቸው። ጠበል መውሰድ ከፈለጉ ይውሰዷት፤ ግን በጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይከር። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ማቆም ልጅቷን መጉዳት ነው።

መልስ፦ መምህርት ነኝ

የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የሚለው ነገር አናዶኛል። አብዛኞቹ አልቢኖ ልጆች የሚያነቡት በዓይናቸው ነው። ዓይናቸው ሩቅ ላይ ይደክማል፣ ብርሃን ያስቸግራቸዋል፣ ሳይፈልጉት ወዲያ ወዲህ ይንቀጠቀጣል። መነጽር ይረዳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያስተካክልም። ስለዚህ ከምዝገባ በፊት ዓይኗ ይታይ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ቅርባችሁ ነው። «መደበኛ ክፍል መማር ትችላለች፣ እንዲህ እንዲህ ዓይነት ድጋፍ ያስፈልጋታል» የሚል ወረቀት ጠይቂ።

ወረቀቱን ይዘሽ ርእሰ መምህሩ ጋ ግቢ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአካል ጉዳት ምክንያት ልጅን ከትምህርት ማግለልን ይከለክላል። ይህን በትሕትና አስታውሻቸው።

ለክፍል መምህሯ የምትነግሪው ደግሞ፦ ፊት ወንበር ትቀመጥ፣ ግን መስኮት ፊቷ ላይ እንዳይሆን። ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ድምፅ ወጥቶ ይነበብ። ስትፈልግ ተነስታ ሰሌዳው ድረስ ትሂድ። ደብተሩን ዓይኗ ሥር ብታስጠጋ ወይም አንገቷን ብታዘነብል አትቆጧት፤ የተሻለ የሚታያት እንደዚያ ነው። ፈተና በትልልቅ ፊደል ይታተምላት፣ ሰዓትም ይጨመርላት። ሰልፍና ስፖርት ላይ ጥላ ይፈለግላት። ከስፖርት ጨርሶ ማስቀረት ግን አልደግፍም፤ ጓደኛ የሚገኘው እዚያ ነው። ባርኔጣ በደንብ ልብሱ የተከለከለ ከሆነም ፈቃዱን ቀድመሽ በጽሑፍ ያዢ፤ በር ላይ ዘበኛ እንዳያስወልቃት።

የሐዋሳዋ እናት

እግዚአብሔር ያክብራችሁ፣ አልቅሼ ነው ያነበብኩት። ነገ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሰንስክሪን ዋጋው አይቀመስም። በየቀኑ መግዛት ካልቻልኩስ?

ሲስተር ነኝ

እህቴ፣ ያለሽን ሰንስክሪን ፊቷና ጆሮዋ ላይ ተጠቀሚበት፤ ሌላውን ልብስ ይሸፍነው። ገንዘብ ከጠበበ ባርኔጣው ይቅደም። ስትገዢ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን እዪ፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ከዋለ አትግዢው። ሆስፒታል ስትሄጂ ቆዳ ክፍልም ግቢ፤ በነፃ ወይም በቅናሽ የሚሰጡት ካለ ጠይቂ። ከባለቤትሽ ጋር አብራችሁ ሂዱ፤ የዘሩንም ነገር በዚያው ይጠይቅ።